«አይመስልም» የሚለው ማጽናኛ፦ ስለ ኦቲዝም የተነሣ ጥያቄና የተሰጡት ምላሾች

የመክፈቻ ጽሑፍ

የሰባት ዓመት ልጄ ኦቲስቲክ ነው። ይህን ለሰው በተናገርኩ ቁጥር አራት መልሶች ከሌሎቹ ይልቅ ይደጋገሙብኛል፦ አይመስልም፤ ሲያድግ ይተወዋል፤ ሁላችንም እኮ ትንሽ ትንሽ አለብን፤ እንደዚህ ያሉ ልጆች ልዩ ተሰጥኦ አላቸው። አራቱም በክፉ ልብ የሚነገሩ አይደሉም፤ እንዲያውም ሰው ሊያጽናናኝ ሲፈልግ የሚመርጣቸው ናቸው። ይሁንና እያደር የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ስለ ኦቲዝም ያለው የተሳሳተ ግንዛቤ በስድብ ከሚተላለፈው ይልቅ በማጽናኛ የሚተላለፈው እንደሚበልጥ ነው። ስድብን ሰው ይጠራጠረዋል፤ ማጽናኛን ግን አመስግኖ ይቀበለዋል።

ባለፈው ሳምንት በአውቶቡስ ስንሄድ ልጄ በድንገት ጆሮዎቹን በሁለት እጁ ይዞ ወለሉ ላይ ተጋደመና ይጮህ ጀመር። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ልጁ የጎደለው ቅጣት መሆኑን ተናገረ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ደግሞ ተቆጥተው ተከላከሉልኝ፤ ልጁ ደክሞት እንጂ ምንም እንዳልሆነ፣ መልኩም ጤነኛነቱን እንደሚመሰክር ገለጹ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንዳስከፋኝ ብጠየቅ መልሴ ያሳፍረኛል። ጥያቄዬም ይኸው ነው፦ ሰዎች ስለ ኦቲዝም ምን ቢያውቁ ነው በእንዲህ ያለ ቅጽበት የሚረባ ነገር ማድረግ የሚችሉት? ከሰማችሁት ማጽናኛ ሁሉ መዘዙ የከበደባችሁስ የትኛው ነው?

ምላሾቹ

ጥያቄዬን በለጠፍኩበት የኢንተርኔት የውይይት ክር (ተከታታይ ልውውጥ) ላይ የመጡትን ምላሾች በቅደም ተከተላቸው በራሴ አነጋገር አስፍሬያቸዋለሁ፤ ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አልፌያቸዋለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

1ኛው ምላሽ የ12 ዓመት ወንድ ልጅ ካላቸው አባት የመጣ ነው። በትሕትና ሰላምታ ካቀረቡ በኋላ፣ ለእርሳቸው መዘዙ የከበደው «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው እንደሆነ ገለጹ። ልጃቸው ስሙ ሲጠራ ዞር ስለማይልና ያስደሰተውን ነገር በጣቱ ለሌላ ሰው ስለማያመለክት ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጥርጣሬ ገብቷቸው ነበር፤ ሆኖም ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው እያለ ስላረጋጋቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቁ። ኦቲዝም ከአንጎል እድገት ጋር አብሮ የሚመጣና ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ በመሆኑ «የሚተው» ነገር እንዳልሆነ፣ ልጁ ግን እንደማንኛውም ልጅ እንደሚያድግ፣ እንደሚማርና እንደሚለወጥ አስረዱ። በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ የንግግር ሕክምና ሊጀመር ይችል ነበር። ይህን ሁሉ የጻፉት ያለ ምሬት ነው፤ ምሬቱ የተረፈው ለአንባቢው ነበር።

2ኛው ምላሽ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነው። እርሳቸው ያተኮሩት «አይመስልም» በሚለው ላይ ነበር። ብዙ ሰው ኦቲዝም ፊት ላይ የሚነበብ ነገር እንደሆነ ያስባል፤ ይህም ምናልባት በመልክ ከሚለየው ከዳውን ሲንድሮም ጋር ከማምታታት የመጣ እንደሆነ ገመቱ። ኦቲዝም የራሱ መልክ የለውም፤ በደም ምርመራም ሆነ በአንጎል ፎቶግራፍ አይረጋገጥም፤ የሚታወቀው የልጁን ባሕርይ በመመልከትና የእድገት ታሪኩን ከወላጆች በመጠየቅ ነው። ስለዚህ «አይመስልም» የሚለው ቃል እንደ ቃልነቱ እውነት ቢሆንም ለሰሚው ምንም የማይነግር እውነት ነው ሲሉ ደመደሙ።

3ኛው ምላሽ ትንሽ ተከፍቶ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው እንደ እርሳቸው አመለካከት በአውቶቡሱ ውስጥ የነበሩት ሴትዮ ማድረግ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል፤ ለማያውቁት ልጅ ከማያውቁት ሰው ጋር ተጋጭተዋል። ቃላቸው ሳይንሳዊ አልነበረም ተብሎ እንዲህ ያለ ሰው ከተወቀሰ በሚቀጥለው ጊዜ ሁሉም ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ይቀመጣል። እኔም በ4ኛው ምላሽ ይህን አስተያየት በግማሽ እንደምቀበለው ገለጽኩ፤ ለሴትዮዋ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ነገር ግን የተከላከሉት እርሳቸው በአእምሯቸው ለሣሉት ጤነኛ ልጅ እንጂ ወለሉ ላይ ለተጋደመው ልጄ አልነበረም። ይህን ስጽፍ ቃሌ የመረረ መሆኑን አውቄ ነበር፤ አላጠፋሁትም።

በ5ኛው ምላሽ በሕፃናት ጤና ሙያ እንደሚሠሩ የገለጹ ሰው «ሁላችንም ትንሽ ትንሽ አለብን» የሚለውን አባባል አነሡ። ስሕተቱ የሚጀምረው ለኦቲዝም የሚነገረውን ስፔክትረም (ብዙ ዓይነት መገለጫ ያለው ነገር) የሚለውን ቃል ከጥቂት ወደ ብዙ እንደሚቆጥር ማስመሪያ ከመመልከት እንደሆነ አስረዱ። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም የነበረው ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 በጻፈው ጽሑፍ የገለጻቸው 11 ልጆችን ብቻ ነበር፤ ለረዥም ጊዜም ኦቲዝም ማለት እነዚያን 11 ልጆች መምሰል ሆኖ ቆየ። በ1970ዎቹ ሎርና ዊንግና ጁዲት ጉልድ ለንደን ውስጥ ባካሄዱት ጥናት ግን ከካነር መግለጫ ጋር በትክክል የማይገጥሙ፣ ይሁንና በማኅበራዊ ግንኙነት፣ በንግግርና በምናብ ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ብዙ ልጆች ተገኙ። ስፔክትረም የሚለው አስተሳሰብ የተወለደው ከዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያም ቀደም ሲል አስፐርገር እየተባለ ለብቻው ይጠራ የነበረውን ጨምሮ የተለያዩትን ስያሜዎች በአንድ ስም ጠቀለላቸው። ስለዚህ አንዱ ልጅ አቀላጥፎ ተናግሮ ድምፅ መቋቋም ላይችል፣ ሌላው ድምፅ ሳይረብሸው ንግግር ላይኖረው ይችላል፤ ማን «ትንሽ» ማን «ብዙ» እንዳለበት የሚለካ አንድ መስመር የለም። ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ የሚረሳ ሁሉ የመርሳት ሕመም አለበት እንደማይባል ሁሉ፣ ጫጫታ የማይወድ ሁሉ ኦቲስቲክ አይደለም ሲሉ ያቀረቡት ምሳሌ ብዙ ምስጋና አስገኝቶላቸዋል።

ከ6ኛው እስከ 8ኛው ያሉት ምላሾች ስለ ልዩ ተሰጥኦ ነበሩ። አንድ ወጣት ስለ ታላቅ ወንድሙ ሲጽፍ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህ ቀን ምን ቀን ላይ ዋለ እየተባለ እንደሚፈተንና መመለስ ሲያቅተው እንግዶቹ ቅር እንደሚላቸው ተናገረ። ወንድሙ የሚወደው የውኃ ቧንቧዎችን መመልከት ነው፤ በዚህም የተለየ ችሎታ የለውም፤ ይወዳል እንጂ። ቀጣዩ ጸሐፊ ለዚህ እምነት እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውንና አስደናቂ ችሎታ ያለው ኦቲስቲክ ሰው የሚታይበትን «ሬይን ማን» የተባለ ታዋቂ ፊልም ተጠያቂ አደረገ። የዚያ ፊልም መነሻ የሆነው ኪም ፒክ የአንጎሉን ሁለት ክፍሎች የሚያያይዘው የነርቭ ድር ሳይኖረው የተወለደ ሰው እንደነበር፣ ኋላም ሁኔታው ኦቲዝም ሳይሆን ሌላ የዘረመል እክል ሳይሆን እንደማይቀር መገመቱን ጠቀሰ። እንዲህ ያለ አስደናቂ ችሎታ ያላቸው ኦቲስቲክ ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ግን የሚበዙት እነርሱ አይደሉም። 8ኛው ጸሐፊ በአንድ መስመር ብቻ፣ ልጅ ለመከበር ሊቅ መሆን የለበትም ብሎ አለፈ።

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ ጨዋ ነበር። 9ኛው ምላሽ ሲመጣ ሙቀቱ ጨመረ። ጸሐፊው የዘመኑ እናቶች ልጆቻቸውን በስልክ ስለሚያሳድጉ ኦቲዝም እንደበዛ፣ ስልኩ ቢነሣ ልጁ እንደሚስተካከል በእርግጠኝነት ጻፉ፤ እኔንም ልጄ በቀን ስንት ሰዓት ስክሪን እንደሚመለከት ጠየቁኝ። 10ኛው ምላሽ ይህን ለማረም ተነሥቶ ራሱ ሌላ ስሕተት አስገባ፤ ምክንያቱ ስልክ ሳይሆን የኩፍኝ ክትባት ነው አለ። 11ኛዋ ጸሐፊ ለሁለቱም አንድ ላይ መለሱ፣ ቃላቸውም አልለዘበም። የክትባቱ ወሬ የተነሣው እንግሊዛዊው ሐኪም አንድሩ ዌክፊልድ እ.ኤ.አ. በ1998 በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ ካወጣው ጽሑፍ እንደሆነ፣ መጽሔቱ ጽሑፉን በ2010 እንደሰረዘው፣ ሰውየውም በዚያው ዓመት ከሐኪሞች መዝገብ እንደተፋቀ፣ በ2019 ደግሞ ከ650,000 በላይ የዴንማርክ ልጆችን የተከታተለ ጥናት የተከተቡት ካልተከተቡት የበለጠ ኦቲዝም እንዳልታየባቸው ማሳየቱን ዘረዘሩ። ኩፍኝ ልጅ እንደሚገድል፣ ኦቲዝም ግን እንደማይገድል፣ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚፈሩ ወላጆች አስበውበት ያውቁ እንደሆነም ጠየቁ።

የኩፍኙን ወሬ ያነሣው ሰው ዝም አለ፤ በእርሱ ፋንታ የመለሱት አንዲት እናት ናቸው። ይህ 12ኛው ምላሽ ከክሩ ሁሉ በጣም ያሰብኩበት ነው። እርሳቸው ክትባቱን ለዓመታት ሲጠረጥሩ የኖሩት ሳይንስን ስለናቁ አልነበረም። ልጃቸው ክትባቱን በወሰደበት ወራት የነበሩትን ጥቂት ቃላት መናገር አቆመ፤ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰሞን መጡ። ኋላ እንደተረዱት፣ የኦቲዝም ምልክቶች ጎልተው የሚታዩበት ዕድሜና የክትባቱ ዕድሜ ስለሚገጣጠሙ፣ ያልተከተበ ልጅም በዚያው ሰሞን ቃላቱን ሊያጣ ይችላል። ይህን ሲያውቁ ግን እፎይ አላሉም፤ ክትባቱ ከደሙ ነጻ ሲሆን የቀረው ተጠርጣሪ እርሳቸው ራሳቸው ብቻ ሆኑ። በእርግዝና ጊዜ ምን በላሁ፣ ምን ተናደድኩ እያሉ ሌሊቱን ያነጉ ነበር።

ለዚህ የሰጠሁት መልስ ከዚያው ምላሽ ሥር የተያያዘ ስለሆነ ቁጥር የለውም። ይህ ጥርጣሬ የእርሳቸው ፈጠራ እንዳልሆነ፣ ታሪክ እንዳለው ጻፍኩላቸው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተከበሩ ሊቃውንት ራሳቸው የኦቲዝም መንሥኤ የእናት ልብ መቀዝቀዝ ነው ይሉ ነበር፤ «ማቀዝቀዣ እናት» የሚለው ስም የወጣው በዚያ ጊዜ ነው፣ ስለ ልጆች ሥነ ልቦና ይጽፍ የነበረው ብሩኖ ቤተልሃይምም ይህን ሐሳብ በሕዝብ ዘንድ አሰራጭቶታል። እናቶች ልጃቸው ቃል ስላልተናገረ ብቻ ልጃቸውን እንደማይወዱ ተነገራቸው። በርናርድ ሪምላንድ የተባለ፣ ራሱ የኦቲስቲክ ልጅ አባት የነበረ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1964 ባወጣው መጽሐፍ መንሥኤው ሥነ ሕይወታዊ መሆኑን ተከራከረ፤ በ1977 ደግሞ ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር በ21 ጥንድ መንትዮች ላይ ያደረጉት ጥናት የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳየ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶችም ይህንኑ አጠናከሩ። በ9ኛው ምላሽ የመጣው የስልክ ክስ ግን፣ በእኔ ግምት፣ የዚያው የማቀዝቀዣዋ እናት የልጅ ልጅ ነው፤ መሣሪያው ተለውጦ ተከሳሿ አልተለወጠችም። ጸሐፊው ይህን አንብበው ቅር መሰኘታቸውን ገለጹ፤ ስለ ስክሪኑ ሰዓት ግን ዳግመኛ አልጠየቁኝም።

በ13ኛው ምላሽ ክሩ አቅጣጫውን ቀየረ። የጻፉት በ36 ዓመታቸው ኦቲስቲክ መሆናቸው የታወቀ ሴት ናቸው። በመጀመሪያ አንድ ነገር ቆጥረው አሳዩን፦ እስከዚያ ድረስ የጻፍነው ሁላችን ስለ ኦቲስቲክ ሰው ስንናገር እሱ፣ ልጁ፣ ወንድሜ ስንል ቆይተን አንድም ጊዜ እሷ አላልንም። ግሱ ራሱ ፆታ እንድንመርጥ በሚያስገድደን ቋንቋ 12 ምላሾች ሳይመካከሩ አንዱን ፆታ መምረጣቸው፣ እርሳቸው 36 ዓመት ሙሉ ሳይታወቁ የቆዩበትን ምክንያት እንደሚያስረዳ ጻፉ። ለረዥም ጊዜ ለአንዲት ሴት አራት ወንዶች ይባል ነበር፤ በ2017 የታተመ የብዙ ጥናቶች ግምገማ ግን ቁጥሩ ወደ አንድ ለሦስት እንደሚጠጋና ብዙ ሴቶች ሳይመረመሩ እንደሚያልፉ አመልክቷል። እርሳቸው በልጅነታቸው የክፍል ጓደኞቻቸውን ሳቅ በመስተዋት ፊት ይለማመዱ ነበር። መምህራን ዝምተኛና ጨዋ ይሏቸው ነበር፤ ቤት ሲገቡ ግን ከድካም ብዛት ለሰዓታት መናገር ያቅታቸው ነበር። «አይመስልም» የሚባሉት ሰዎች አለመምሰልን እንደ ሥራ ይዘውት የሚውሉ ሊሆኑ እንደሚችሉ አስታወሱን።

ቀጥለውም ወደ አውቶቡሱ ተመለሱ። ልጄ ያደረገው ቅብጠት እንዳልሆነ የሚለዩበትን መንገድ ገለጹ፤ ቅብጠት ተመልካች ይፈልጋል፣ የተፈለገው ሲገኝም ያበቃል፤ ከመጨናነቅ የሚመጣ መፈንዳት ግን ተመልካች ኖረም አልኖረም ይቀጥላል፣ በላዩ ላይ ቃል በተጨመረ ቁጥርም ይብሳል። ድምፅን፣ ብርሃንን ወይም ንክኪን ከሌላው ሰው በላቀ ወይም ባነሰ መጠን መሰማት በ2013ቱ መመሪያ ከመለያ ምልክቶች አንዱ ሆኖ የተጻፈ ነገር ነው። ከዚያም አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ጆሮውን ከመያዙ በፊት ምን ድምፅ ነበር? ከልጄ ጋር ሰባት ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ጥያቄ ራሴን አልጠየቅሁም ነበር። ሕዝብ ስለበዛ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

14ኛው ምላሽ ከሁሉም የከረረው ነው። ጸሐፊው እንዲህ አሳምረው የሚጽፉ፣ ሥራና ትዳር ያላቸው ሰዎች ኦቲስቲክ ነን በማለት የእውነተኞቹን ቦታ እንደሚሻሙ ከሰሱ፤ እርሳቸው የሚያውቁት ኦቲዝም በ15 ዓመቱ ሽንቱን የማይቆጣጠርና ራሱን ከግድግዳ ጋር የሚያጋጭ ልጅ ነው። ሴቲቱ በ15ኛው ምላሽ አጭር መልስ ሰጡ፤ የልጁን ቦታ አልወሰዱም፣ ቦታውን የሚያጠበው ሌላ ነው። 16ኛው ምላሽ ግን ክርክሩን በአንድ ወገን ድል እንዳይዘጋ አደረገው። የማይናገር የ19 ዓመት ወንድ ልጅ ያላቸው እናት፣ የ14ኛውን ጸሐፊ ስድብ እንደማይቀበሉ፣ ፍርሃቱን ግን እንደሚጋሩት ጻፉ። ኦቲዝም ልዩነት እንጂ ችግር አይደለም የሚለውን ንግግር በሰሙ ቁጥር ስለ ልጃቸው እየተነገረ እንዳልሆነ ይሰማቸዋል፤ ሌሊት የሚያስቡት እርሳቸው ሲሞቱ ልጃቸውን ማን ያጥበዋል የሚለውን ነው። በ2021 በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ሥር የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ቀን ከሌሊት እንክብካቤ ለሚሹ ሰዎች «ጥልቅ ኦቲዝም» የሚል ስያሜ ያቀረቡት ለዚሁ ነው፤ ይህንንም የሚደግፉና የሚቃወሙ አሉ። እኔ ሁለቱንም ሴቶች ደጋግሜ ካነበብኩ በኋላ የተጣሉ አልመሰለኝም። አንደኛዋ የሚሉት እኔንም እዩኝ ነው፤ ሌላኛዋ የሚሉት ልጄን አትለፉት ነው። ሁለቱን የሚያጣላቸው አንድ ሰው ብቻ የሚያስቀምጥ ወንበር ነው።

ከ17 እስከ 21 ክሩ ከመንገዱ ወጣ፤ እኔ ግን ይህን መውጣት አልጠላሁትም። አንድ የቋንቋ መምህር «ኦቲዝም አለበት» የምንለው ለምንድን ነው ሲሉ ጠየቁ። ዕዳ አለበት፣ ሕመም አለበት፣ ክስ አለበት እንላለን፤ ይህች «በት» ሸክም የምትጭን ቅጥያ ናት። የመገናኛ ብዙኃን ደግሞ «የኦቲዝም ተጠቂ» በማለት ከአደጋና ከወንጀል ተርታ ያስገቡታል። መምህሩ «ኦቲዝም ያለው» ወይም «ኦቲስቲክ» ይሻላል ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ሌላው ኦቲስቲክ ባዕድ ቃል ነው ብሎ ተቃወመ፤ ሦስተኛው ኦቲዝምስ የማን ቃል ነው ብሎ መለሰለት። አንድ ሰው ደግሞ የመክፈቻ ጽሑፌን ጠቅሶ እኔ ራሴ «ትንሽ ትንሽ አለብን» የሚለውን ሳስተላልፍ ቅጥያውን ሳላስተውል ማለፌን አረመኝ፤ እርማቱን ተቀብያለሁ። 21ኛው ጸሐፊ፣ የ1ኛው ምላሽ ባለቤት የሆኑት አባት፣ ቅጥያውን ማንሣት መልካም ቢሆንም ልጃቸው የሚፈልገው የንግግር ሐኪም እንደሆነ በጨዋ ፈገግታ አሳስበው ወደ ጉዳዩ መለሱን።

22ኛው ምላሽ ኦቲስቲክ ሰዎች የሌላውን ስሜት አይረዱም የሚለውን እምነት አነሣ። ምንጩ አንድ የታወቀ ሙከራ ነው፤ በ1985 ሳይመን ባሮን-ኮኸን፣ አለን ሌዝሊና ኡታ ፍሪት ለ20 ኦቲስቲክ ልጆች በአሻንጉሊቶች የተሠራ ታሪክ አሳይተው፣ አሻንጉሊቷ ሳታይ የተዛወረባትን ብይ የት እንደምትፈልግ ጠየቋቸው፤ 16ቱ በትክክል አልመለሱም። ከዚህ ተነሥቶ ሰዉ ልጆቹ ርኅራኄ የላቸውም ወደሚል ድምዳሜ ዘለለ፤ የሌላውን ሐሳብ መገመትና ለሌላው ማዘን ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ራሱ ኦቲስቲክ የሆነው ዴሚየን ሚልተን በ2012 ያቀረበው ሐሳብ አለመግባባቱ የሁለት ወገን መሆኑን ነው፤ በ2020 የወጣ ጥናትም ኦቲስቲክ ሰዎች እርስ በርሳቸው መረጃ ሲቀባበሉ ከሌሎቹ ባልተናነሰ ሁኔታ እንደሚያስተላልፉ፣ መረጃው ይበልጥ የሚጠፋው ሁለቱ ወገኖች ሲቀላቀሉ እንደሆነ አሳይቷል። የ13ኛዋ ጸሐፊ ከዚህ ሥር አንዲት ነገር ጨመሩ፦ ሰው ሲያለቅስ ሲያዩ ዝም የሚሉት ስለማይሰማቸው ሳይሆን ከመጠን በላይ ስለሚሰማቸው ነው።

23ኛው ምላሽ በጠብታ የሚሰጥ መድኃኒት እሸጣለሁ የሚል ሰው ነበር፤ አስተባባሪው አጠፋው። በ24ኛው ምላሽ አንድ የፋርማሲ ባለሙያ ለምን መጥፋት እንደነበረበት አስረዱ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሴክሪቲን የተባለ የጨጓራና አንጀት ሆርሞን ኦቲዝምን ይፈውሳል ተብሎ ወላጆች ተሻምተውበት ነበር፤ በ1999 በተደረገ ሙከራ ግን መድኃኒቱን የወሰዱትም፣ ምንም የሌለበት መርፌ የተወጉትም ልጆች በተመሳሳይ መጠን ተሻሻሉ። ልጅ ያለ መድኃኒትም ያድጋልና ሻጩ ሁልጊዜ የሚያሳየው ምስክር አያጣም። ከሰውነት መርዛማ ብረታ ብረቶችን ያወጣል የተባለ ሕክምና ደግሞ በ2005 አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ገድሏል። ባለሙያው ይህን ጽፈው ሌላ ቃል አልጨመሩም።

25ኛው ጥያቄ አጭር ነበር። በሁለት ቋንቋ የሚነጋገር ቤተሰብ ልጁ እንዳይደናገር አንዱን እንዲተው ተመክሯል፤ ይተው ወይ? የ5ኛው ጸሐፊ በ26ኛው ምላሽ መተው እንደሌለበት፣ ሁለት ቋንቋ የኦቲስቲክ ልጅን የቋንቋ እድገት እንደማይጎዳ ጥናቶች ማሳየታቸውን፣ አያቱ የምትናገርበትን ቋንቋ ያጣ ልጅ አያቱንም እንደሚያጣ መለሱ። በ27ኛው አንድ አባት ሥዕል እየነካ የሚግባባ ልጅ ለመናገር ይሰንፋል ብለው ሲሰጉ፣ የ2ኛዋ መምህርት ነገሩ ተቃራኒ መሆኑን፣ ሥዕልና ታብሌት ንግግርን እንደማያግዱና አንዳንዴም እንደሚያግዙ፣ የማይናገር ልጅ የማይሰማ ወይም የማይገባው ልጅ አለመሆኑን አስረዱ፤ በፊቱ ስለ እርሱ እንደሌለ አድርጎ የሚያወራ ሰውም ይህን እንዲያስብበት ጠየቁ። ከ28 እስከ 31 ያሉት ምስጋናዎችና ስለ ጆሮ መከለያ የተለዋወጥናቸው ምክሮች ናቸው።

በ32ኛው ምላሽ 3ኛው ጸሐፊ ተመልሰው መጡ። አሁንም ሴትዮዋን እንደሚደግፉ አስታውቀው፣ ነገር ግን በእርሳቸው ቦታ ቢሆኑ ምን ማድረግ እንደነበረባቸው በቅንነት ጠየቁ። የ13ኛዋ ጸሐፊ በ33ኛው መለሱላቸው፦ ለእናትየዋ ምን ላግዝ ብሎ በዝቅተኛ ድምፅ መጠየቅ፣ ልጁን አለመንካት፣ ቆመው የሚያዩትን እንዲቀመጡ ማድረግ፣ ስልክ የሚቀርጽ ካለ ማስቆም፣ ከዚያም ዝም ማለት።

34ኛው የእኔ ነው፤ የተጻፈውም ክሩ ከተከፈተ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ልጄ የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ በታብሌቱ ላይ ግን ሥዕል እየነካ ይነግረኛል። ስለ ድምፁ ስጠይቀው የአውቶቡስ፣ የበርና የጆሮ ሥዕሎችን በተከታታይ ነካ። ሕዝቡ አልነበረም። በሩ ሲዘጋ የሚለቀው ፉጨት የመሰለ የአየር ድምፅ ነበር፤ የተቀመጥነውም ከበሩ አጠገብ ነበር። አሁን ከኋላ እንቀመጣለን፤ በየፌርማታው ከመድረሳችን በፊት አንድ ጣቴን አነሣለታለሁ፣ እርሱም የጆሮ መከለያውን ያደርጋል። መንገዳችን 14 ፌርማታ አለው። ትናንት በ11ኛው ላይ መከለያውን ከአንድ ጆሮው ገለጥ አድርጎ በሩን ለጥቂት ሰከንድ ተመለከተው፤ ከዚያ መልሶ ሸፈነው።